እርጥቡን እህል ከላይ፦ ለደንበኛ የሚጻፍ ደብዳቤ አደብ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።



ስለ ንግድ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ሚዛን፣ ስለ ወለድና ስለ መሐላ ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ነው። እርሱም ነጋዴ ለደንበኛው በኢ-ሜይል ስለሚጽፈው ቃል ነው። «ይህ ደግሞ ምን የዲን ነገር አለበት? የጸሐፊዋ ሥራ አይደለም ወይ?» የሚል ወንድም ይኖራል። እኛ ግን ነገሩ የጸሐፊዋ ብቻ አይደለም እንላለን። ዕቃ በሚዛን ይሰፈራል፤ ቃልም ይሰፈራል። አንድ ነጋዴ ኪሎውን ሳያጎድል በሦስት መስመር ደብዳቤ የሰውን ሐቅ ሊያጎድል ይችላል። በሦስት መስመር ደብዳቤም የሰውን ክብር ሊሰብር ይችላል። ሁለቱንም ኢንሻአላህ በየተራ እናያለን።

ፊት የሌለው ቃል

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። እንግዳ ከሚበላው ይልቅ የሚቀበለውን ፊት ያያል ማለታቸው ነው። ሱቁ ውስጥ የቆመ ነጋዴ ቃሉ ቢያጥረው ፊቱ ይሞላለታል። «የለም» ሲል ፈገግ ካለ፣ እጁን ደረቱ ላይ ካደረገ፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይወጣል። ነገም ይመለሳል። በኢ-ሜይል «የለም» ብሎ ሲጽፍ ግን ደንበኛው የሚያየው «የለም» የሚለውን ብቻ ነው። ፈገግታው አይላክም፤ ድምፁ አይሰማም። ፍትፍቱ ብቻውን ይሄዳል። ስለዚህ በሱቅ ፊታችን ይሠራው የነበረውን ሥራ በደብዳቤ ቃላችን ሊሠራው ግድ ነው።

ሌላም አለ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ተረት ለአፍ የተነገረ ነው፤ ለጽሑፍ ግን የባሰ እውነት ነው። የተነገረ ቁጣ ይረሳል፤ የተጻፈ ቁጣ ተቀምጦ ይጠብቃል። ደንበኛው ዛሬ ያነበዋል፣ ነገ ለወንድሙ ያሳየዋል፣ ከወር በኋላም ሲናደድ ደግሞ ያነበዋል። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ «ኢ-ሜይል እኮ ነው፣ ወረቀት አይደለም» ማለት አያዋጣም። በዚህ ዓለም ሕግ ፊት ከቆጠረ ደግሞ የእያንዳንዱን ቃል ጸሐፊ መላኢካ በሚመዘግቡበት መዝገብ እንዴት አይቆጠር?

ደንበኛን አክብሮ መቀበል በሕግም ተጽፎ እናገኘዋለን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በ2006 ዓ.ም ሲወጣ፣ ሸማቹ በማንኛውም ነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድን፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅን መብት ከሸማቹ መብቶች መካከል ቆጥሮታል። ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘትንም እንዲሁ። ልብ በሉ፤ አክብሮትና ትክክለኛ መረጃ አብረው ተቀምጠዋል። የዛሬ ንግግራችንም በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።

የነብያት ደብዳቤ

ደብዳቤ በዲናችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሱረቱ አን-ነምል የነብዩላህ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ደብዳቤ ታሪክ አለ። ሁድሁድ ይዛው ሄዳ ለሰበእ ንግሥት ስታደርስ ንግሥቲቱ ለአማካሪዎቿ የተከበረ ደብዳቤ እንደ ደረሳት ነግራቸዋለች። ያን ጊዜ ገና አልሰለመችም። ደብዳቤው ግን ከማን እንደ ሆነ ግልጽ ነበር፤ በአላህ ስም ይጀምራል፤ አጭርና ጥርት ያለ ነበር። ዛሬ ስንት ደብዳቤ ነው ማን እንደ ጻፈው ሳይታወቅ፣ «ማኔጅመንቱ» በሚል ብቻ ተፈርሞ የሚመጣው? ደንበኛው ቢቸገር ማንን ብሎ ይጠይቅ?

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሑደይቢያ ስምምነት በኋላ ለነገሥታት ደብዳቤ ልከዋል። በቡኻሪ እንደ ተዘገበው ለሕራቅል በላኩት ደብዳቤ የሩም ታላቅ ብለው በማዕረጉ ጠርተውታል። ሕራቅል ሙስሊም አልነበረም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእምነቱ አላመሰገኑትም፤ የሌለውን ነገርም አልሰጡትም። በሕዝቡ ዘንድ ያለውን ቦታ ግን አልነፈጉትም። ከዚህ የምንማረው አክብሮት ማለት ሽንገላ አለመሆኑን ነው። ሰውን በሚገባው ስም መጥራት ከእውነት አንዱ ክፍል ነው።

ሙሳና ሃሩን (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ እንኳ በለዘበ ቃል እንዲናገሩት መታዘዛቸውን በሱረቱ ጣሃ እናነባለን። እንግዲህ ከእኛ መካከል ከሙሳ የሚበልጥ የለም፤ ዕቃ ዘግይቶበት የሚጽፍልን ደንበኛም ፊርዐውን አይደለም።

ስሙን፣ ማዕረጉን፣ ሰላምታውን

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። አማርኛችን አላህ ይመስገን አክብሮትን በግሱ ውስጥ የተሸከመ ቋንቋ ነው። «ላክልኝ»፣ «ላኪልኝ»፣ «ይላኩልን»፤ በአንድ ቃል ውስጥ ሰውየው ማን እንደ ሆነና እንዴት እንዳየነው ይታወቃል። ለማናውቀው ደንበኛ «እርስዎ» ይገባል፤ በወሎ እንደሚባለው «አንቱ»። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። በስም ብቻ ወንድ ይሁን ሴት መለየት የማንችለው ሰው ሲጽፍልን «እርስዎ» ለሁለቱም ይሆናል፤ ከስህተት ያድነናል። ለድርጅት ስንጽፍ ደግሞ «እናንተ»።

ብዙ ጊዜ የምናየው ጉድለት ግን መቀላቀሉ ነው። ደብዳቤው «ክቡር ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል፣ መሐል ላይ «ይሙሉ» ይላል፣ መጨረሻው ላይ «ቶሎ ክፈል» ብሎ ያርፋል። ሰውየው በአንድ ገጽ ላይ ከወንበር ተነስቶ መሬት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ከመላክ በፊት ግሶቹን ከላይ እስከ ታች ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለዱባይ፣ ለጓንዡ ወይም ለሌላ አገር ነጋዴ በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። የእንግሊዝኛ ግስ ለልጅም ለሽማግሌም አንድ ነው። አማርኛው «ይላኩልን» ብሎ በግሱ ያከበረውን፣ በቀጥታ ስንመልሰው አክብሮቱ በመንገድ ይወድቅና ደረቅ ትእዛዝ ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ «እባክዎን» እና «ቢቻልዎት» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛው ላይ መጨመር ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛ ፊደልን በሙሉ በትልቁ መጻፍም በአንባቢው ዘንድ እንደ ጩኸት ይቆጠራል።

ሰላምታን በተመለከተ፣ ደንበኛው ሙስሊም መሆኑን ካወቅን አሰላሙ ዐለይኩም ብለን ሙሉውን እንጻፍ። ሰላምታው በተሟላ ቁጥር አጅሩ ከአሥር ወደ ሃያ፣ ከሃያ ወደ ሠላሳ እንደሚያድግ በሐዲስ ተዘግቧል። በሁለትና ሦስት ፊደል ቆርጦ መላክ ይህን ሁሉ በርካሽ መሸጥ ነው። ደንበኛው ሙስሊም ካልሆነ ወይም ካላወቅን «ጤና ይስጥልኝ» ያማረ የአገራችን ሰላምታ ነው። በስሙ ብቻ የሰውን ሃይማኖት ገምተን አንጻፍ። ሐጂውን ሐጂ፣ ዶክተሩን ዶክተር፣ ወይዘሮዋን ወይዘሮ ማለትም ከአክብሮት ነው።

እርጥቡን ከላይ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እስካሁን ያልነውን ሁሉ አሟልቶ ደንበኛውን የሚበድል ደብዳቤ አለ። እንዴት?

በሙስሊም የተዘገበውን የአቡ ሁረይራን (ረ.ዐ) ሐዲስ አስታውሱ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸውን እርጥበት ነካቸው። ነጋዴውን ሲጠይቁት ዝናብ እንደ መታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ። ልብ በሉ! ዝናቡን ያዘነበው ነጋዴው አይደለም። ለዝናቡ አልተወቀሰም። የተወቀሰው ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች በማድረጉ ነው።

የዘመናችን ደረቅ እህል የጨዋነት ቃል ነው። ምሳሌ እንስጥ። አንድ ሰው ለልጁ ሠርግ የጥሪ ካርድ ለማተሚያ ቤት አዘዘ፤ ቅድሚያ ከፈለ፤ ሐሙስ ሊረከብ ተቀጠረ። ሰኞ ማሽኑ ተበላሸ። ሰውየው ማክሰኞ በኢ-ሜይል ጠየቀ። እንዲህ የሚል መልስ መጣለት፦

«ክቡር ደንበኛችን፣ ትዕዛዝዎ በሂደት ላይ ነው። ስለ ትዕግሥትዎ ከልብ እናመሰግናለን።»

ቃሉ ያምራል። «ክቡር» አለው፣ «ከልብ» አለው፣ ምስጋና አለው። ግን እርጥቡ ከታች ነው። ማሽኑ ቆሟል፤ «በሂደት ላይ» ያለ ነገር የለም። ሰውየው ማክሰኞ እውነቱን ቢያውቅ ሌላ ማተሚያ ቤት ይሄድ ነበር። ሐሙስ ሲያውቅ ግን ጊዜው አልፏል። ሠርግ ደግሞ ቀን አይጠብቅም። ይህ ሰው የተዘረፈው በስድብ አይደለም፤ በምስጋና ነው። ሁለት ቀኑ ተወስዶበታል፤ የመምረጥ መብቱም አብሮ ተወስዷል።

ይኸው ማተሚያ ቤት እንዲህ ቢጽፍስ?

«አቶ እገሌ፣ እንደምን አሉ? የካርድዎ ሥራ በተባባልንበት ሐሙስ አይደርስም። ማሽናችን ሰኞ ተበላሽቶብናል። መለዋወጫው ነገ ከገባ ካርዱን እስከ ቅዳሜ ማታ ኢንሻአላህ እናስረክብዎታለን፤ ነገ ካልገባ ነገውኑ ከሰዓት እንነግርዎታለን። መጠበቅ ካልፈለጉ የከፈሉትን ቅድሚያ ዛሬ እንመልሳለን። ቀጠሯችንን ባለመጠበቃችን ይቅርታ እንጠይቅዎታለን።»

ይህ ደብዳቤ ከመጀመሪያው የበለጠ የሚያምሩ ቃላት የሉትም። ግን መጥፎው ወሬ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው፤ ምክንያቱ አጭር ነው፤ ቀን ተቆርጧል፤ ምርጫው ለደንበኛው ተመልሷል። ይቅርታውንም ተመልከቱት። በብዙ ደብዳቤ ላይ «ለተፈጠረው መስተጓጎል ይቅርታ እንጠይቃለን» ይባላል። መስተጓጎሉን ማን ፈጠረው? ከሰማይ እንደ ወረደ ነው የተጻፈው። «ባለመጠበቃችን» ሲል ግን ባለቤቱ ታወቀ። ባለቤት የሌለው ይቅርታ ተቀባይ አያገኝም።

«እንዲህ ከጻፍን ደንበኛው ይሄድብናል» የሚል ነጋዴ አለ። አዎ፣ ሊሄድ ይችላል። ገንዘቡ የእርሱ ነው፤ ሠርጉም የእርሱ ነው። እርጥቡን እህል ከላይ ያደረገ ነጋዴም ያን ቀን ገዢ ሊያጣ ይችላል፤ ሐዲሱ ግን ገዢ ካላጣህ ብሎ አላስቀረለትም። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ከገለጹ በግብይታቸው በረካ እንደሚሰጣቸው፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ ተነግሯል። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በ«በሂደት ላይ ነው» ሪዝቁን አይጠብቅም።

ስለ ኢንሻአላህ አንድ ቃል

ይህ ነገር እኛን ሙስሊሞችን በተለይ ይመለከታል። በሱረቱ አል-ከህፍ ነገ ይህን አደርጋለሁ ስንል ነገሩን ከአላህ ፈቃድ ጋር እንድናያይዝ ታዘናል። ኢንሻአላህ የባሪያ ትሕትና ነው፤ አቅሜን ሁሉ አደርጋለሁ፣ ፍጻሜው ግን በጌታዬ እጅ ነው ማለት ነው። በገበያው ግን አንዳንዴ ምን ሆኖ ይሰማል? «እንግዲህ አትጠብቀኝ» ሆኖ ይሰማል! ደንበኛው «ቅዳሜ ይደርሳል?» ሲል «ኢንሻአላህ» ከተባለ ልቡ ይወድቃል። ሙስሊም ያልሆነው ደንበኛ ደግሞ ቃሉን ከመሸሻ ጋር አያይዞ ይማረዋል። የአላህን ስም መሸሻ ካደረግነው ማን ያክብርልን?

ስለዚህ በደብዳቤያችን ቀኑን እንቁረጥ፣ ከዚያ ኢንሻአላህ እንበል፤ «ቅዳሜ በ9 ሰዓት ኢንሻአላህ»። እንደማይደርስ እያወቅን ከሆነ ግን ኢንሻአላህ አይገባም፤ «አይደርስም» ነው የሚባለው። በማስታወቂያ ደብዳቤ ላይ «ወላሂ እንዲህ ያለ ዕቃ የለም» እያሉ መማልም እንዲሁ ነው። መሐላ ዕቃውን ቢያሸጥም በረካውን እንደሚያጠፋው በሐዲስ ተነግሮናል።

እውነት ሆኖ የሚያቆስል

አሁን ደግሞ ሚዛኑን በሌላ በኩል እንየው። «እኔ ግልጽ ሰው ነኝ፣ ሐቁን ፊት ለፊት ነው የምናገረው» እያለ ሰው የሚያቆስል አለ። በተለይ ዕዳ ሲጠየቅ። አንድ ደንበኛ ክፍያው አምስት ቀን ቢያልፍበት የመጀመሪያው ደብዳቤ እንዲህ ይመጣበታል፦

«ጉዳዩ፦ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ያለብዎትን ዕዳ በ3 ቀን ውስጥ ካልከፈሉ ወደ ሕግ የምንሄድ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን።»

የመጀመሪያ ያልነበረው እንዴት የመጨረሻ ይሆናል? ምናልባት ሰውየው ከፍሎ ደረሰኙ አልተመዘገበ ይሆናል። ምናልባት ታሞ ይሆናል። እስቲ እንዲህ እንጻፈው፦

«ጉዳዩ፦ ስለ ጥር 12 ቀሪ ሂሳብ። ሐጂ እገሌ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ጥር 12 ከወሰዱት ዕቃ 18,000 ብር ቀሪ ሂሳብ በመዝገባችን ይታያል፤ የተቀጠረው ለየካቲት 12 ነበር። ከፍለው ከሆነ ደረሰኙን ቢልኩልን መዝገባችንን እናርማለን። ካልተመቸዎት የሚመችዎትን ቀን ይጻፉልን፤ እንነጋገራለን።»

ገንዘቡ አልተቀነሰም። ቀኑ አልተደበቀም። ጥርጣሬው ግን መጀመሪያ ያረፈው በራሳችን መዝገብ ላይ ነው፤ ለሰውየውም በር ተከፍቶለታል። ሲሸጥ፣ ሲገዛና ሐቁን ሲጠይቅ ገር ለሆነ ሰው ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአላህን እዝነት እንደ ለመኑለት ጃቢር (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ሦስተኛውን ልብ በሉት፤ ሐቁን ሲጠይቅ። ባለዕዳው የተቸገረ ከሆነ ደግሞ እስኪደላው መጠበቅ እንደሚገባ በሱረቱ አል-በቀራ ተደንግጓል። ይህ ማለት ግን ነጋዴው ሐቁን ይተው ማለት አይደለም። አቅም ያለው ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ በደል መሆኑም በሐዲስ ተነግሯል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ደብዳቤ ሊጠነክር ይችላል። ይጠንክር፤ አይሳደብ።

ጥፋቱ የደንበኛው ሲሆንም እንዲሁ ነው። ማቀዝቀዣ የገዛ ሰው ተቃጠለብኝ ብሎ ጻፈ እንበል። ስናየው ያቃጠለው የመብራቱ ከፍና ዝቅ ማለት ነው፤ መከላከያ እንዲያስገባ ተነግሮት ነበር። «ተነግሮዎት አልሰሙም፤ ጥፋቱ የራስዎ ነው» ማለት ይቻላል፤ እውነት ነው። ግን ማቀዝቀዣውን አይሠራም። «ዕቃውን አይተነዋል። የተቃጠለው በመብራት ከፍና ዝቅ ማለት ስለ ሆነ በዋስትናችን አይሸፈንም። ለመጠገን የሚያስፈልገው ዋጋ ይህን ያህል ነው፤ ሲወስዱም መከላከያ ቢያስገቡለት ዳግም አይቃጠልም» ቢባል እውነቱ አንድ ነው፤ ሰውየው ግን አልተዋረደም። ጥፋቱን ራሱ ያውቀዋል፤ እኛ መድገም አያስፈልገንም።

ተቆጥቶ የሚጽፍ ደንበኛ

ተሳድቦ የሚጽፍስ? እዚህ ላይ ታላቅ ትምህርት አለን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመል ተበድረውበት የነበረ ሰው መጥቶ በኃይለ ቃል ሲጠይቃቸው ሶሐቦች ሊነሱበት ቃጡ። እርሳቸው ግን እንዲተዉት፣ ባለ ሐቅ የመናገር መብት እንዳለው ነገሯቸው። ከዚያም ካበደራቸው የተሻለ ግመል ተገዝቶ እንዲሰጠው አደረጉ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዲህ ዕቃው ዘግይቶበት የተቆጣ ደንበኛ ባለ ሐቅ ነው። ከቁጣው ውስጥ ሐቁን ፈልገን ለሐቁ መልስ እንስጥ፤ ለቁጣው አይደለም።

ሐቅ የሌለው ተሳዳቢም ያጋጥማል። ሰዎች ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገብተው ሰላምታ አስመስለው ሞትን ሲመኙላቸው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተቆጥተው መለሱላቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን አላህ በነገር ሁሉ ልዝብነትን እንደሚወድ ነገሯቸው፤ እርሳቸው የመለሱት በአንዲት አጭር ቃል ብቻ ነበር። ለስድብ የሚሰጥ መልስ አጭር ይሁን።

የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለት እንዲጋደም የሚመክር ሐዲስ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። የኢ-ሜይል መቀመጥ ምንድን ነው? የጻፍነውን ሳንልክ በረቂቅነት ማስቀመጥ ነው። ተነስተን ውዱእ እናድርግ፣ ሰላታችንን እንስገድ፣ ተመልሰን እናንብበው። ብዙ ጊዜ ግማሹን እንሰርዘዋለን።

የሰው በር፣ የሰው ምስጢር

ኢ-ሜይል የራሱ የሆኑ ሁለት አደጋዎች አሉት። አንዱ ግልባጭ ነው። የአንዱን ደንበኛ ዕዳ የሚገልጽ ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ በግልባጭ መላክ ሰውን በአደባባይ ማዋረድ ነው። የወንድሙን ነውር የሸፈነን ሰው አላህ እንደሚሸፍነው በሐዲስ ተነግሯል፤ ገላጩስ? ለብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ ስንልክም አድራሻቸው ለሌሎቹ እንዳይታይ በስውር ግልባጭ እንላክ። አድራሻው ለእኛ የተሰጠ አማና ነው። በ2016 ዓ.ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መውጣቱንም ነጋዴዎቻችን ቢያውቁት መልካም ነው።

ሁለተኛው የማስታወቂያ ብዛት ነው። በሱረቱ አን-ኑር የሰው ቤት ሳናስፈቅድ እንዳንገባ፣ ተመለሱ ከተባልንም እንድንመለስ ታዘናል። ፈቃድ የሚጠየቀው ሦስት ጊዜ እንደ ሆነና ካልተፈቀደ መመለስ እንደሚገባም በሐዲስ አለ። የሰው ኢ-ሜይል ቤቱ ነው ባንልም፣ አደቡ ይመሳሰላል። «አትላኩልኝ» ላለ ሰው ደግሞ መላክ፣ ወይም ለቅናሽ ሽያጭ «አስቸኳይ!!!» ብሎ ልቡን ማስደንገጥ በር እየደበደቡ መግባት ነው።

ደብዳቤውን የምትጽፈው

በመጨረሻ ለአሠሪዎች አንድ ነገር እንበል። ሠራተኛዋን ጠዋት ስትጮህባት ውለህ ከሰዓት «ለደንበኛ በትሕትና ጻፊ» ብትላት ትሕትናውን ከየት ታመጣዋለች? አነስ (ረ.ዐ) ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ሲያገለግሉ ኡፍ የምትል ቃል እንኳ እንዳልሰሙ ተናግረዋል። የደብዳቤያችን አደብ ከቢሮአችን አደብ ይጀምራል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ማሽኑ መቆሙን እያወቀች «በሂደት ላይ ነው በያቸው» ተብላ መታዘዟ ነው። ውሸቱ የአሠሪው፣ ፊርማው የእርሷ ይሆናል። የሰው እንጀራ ይዞ ማስዋሸት ከባድ ነገር ነው። እህቴ፣ ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣባችሁ በአደብ «እውነቱን ብንነግራቸው ይሻላል» በሉ። የተዘጋጀ ጥሩ ደብዳቤ ይዛችሁ ግቡ። ብዙ አሠሪ የሚዋሸው ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን ሌላ ቃል ስላጣ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከመላካችን በፊት አራት ጥያቄ እንጠይቅ። ደንበኛው ማወቅ ያለበት መጥፎ ወሬ ከላይ አለ ወይ? ቃሉ ሰውየው ፊታችን ቆሞ ቢሆን የምንለው ነው ወይ? የቆረጥነው ቀን የምናምንበት ነው ወይ? ይህ ደብዳቤ ነገ በቂያማ ቀን ቢነበብብን እናፍራለን ወይ? ለአራቱም መልስ ካለን ቢስሚላህ ብለን እንላከው።

አላህ (ሱ.ወ) ሚዛናችንንም ቃላችንንም የተስተካከለ ያድርግልን። በንግዳችን በረካ፣ በምላሳችንና በጣቶቻችን ልዝብነት ይስጠን። ሐቅ ያለብንን የምንከፍል፣ ሐቅ ያለንን በመልካም የምንጠይቅ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።